ከጥንቱ ሰው ጎን የተቀበረው

አጥንቱ ላይ ብሎን ነበረበት።

ቀድማ ያየችው ነዒማ ናት። እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ሌሎቹ ጎብኚዎች አስጎብኚውን ከበው ስለ ጥንቱ ሰው ሲያዳምጡ፣ እሷ ጥላ ፍለጋ አጥሩ ጥግ ወዳለው ግራር ዞር ብላ ነበር። የሰሞኑ ጎርፍ የጉድባውን አፍ ቆርሶታል። ከተቆረሰው ቀይ አፈር ውስጥ አንድ ረጅም አጥንት እስከ ግማሹ ወጥቶ ይታያል።

«ቆንጅት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እስኪ ነይ።»

ኢንስፔክተር ቆንጅት ሸዋ ሮቢት ላይ የወንጀል መርማሪ ናት። ያን ቀን ዕረፍቷ ነበር። ዕረፍት ግን አይሆንላትም። ተወልዳ ያደገችው ደብረ ሲና፣ ብርድ ላይ ነው። ወደ ቆላ ተመድባ ከወረደች ወዲህ ሙቀቱ እንቅልፍ ነስቷታል፤ አንድ ቦታ መቀመጥም አልሆንላት ብሏል። ጎረቤቷ ነዒማ ነርስ ናት። «ቤት ውስጥ ከምትንቆራጠጪ ነይ ቀይ ጉድባ ሄደን የጥንት ሰው አጥንት እንይ» ብላ ጎትታ ያመጣቻት እሷው ናት።

«አጥንት ልናይ አይደል የመጣነው?» አለች ቆንጅት እየቀረበች።

«የጥንት ሰው ቅልጥሙ ላይ ብረት ያስገባ ነበር እንዴ?»

ቆንጅት ጎንበስ አለች። ጠፍጣፋ ብረት ከአጥንቱ ጋር ተጣብቋል። በብሎን ተይዟል።

«የተሰበረ እግር የሚጠገንበት ነው» አለች ነዒማ። «ይሄ ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሰው ነው። የኛ ዘመን ሰው።»

ከኋላቸው የሩጫ ኮቴ ተሰማ።

«እህቶቼ! እዚያ ጋ እባብ አለ ብዬ አልነበር?»

አስጎብኚው ሙጂብ ነው። የቀይ ጉድባውን የጥንት ሰው መንጋጋ ያገኘው እሱ ነው። መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ከአጥንት አጥኚዎቹ ጋር የተነሣው ፎቶ ተሰቅሏል። ነጭ ሸሚዝ፣ የተተኮሰ ሽርጥ፣ ከፊቱ የማይጠፋ ፈገግታ። ከግራሩ ራቅ ብሎ ድንገት ቆመ። ከአፈሩ የወጣውን አየ። ፈገግታው ጠፋ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ግን ቶሎ ተነሣ። ጎብኚዎቹን ሰብስቦ ያስወጣው እሱ ነው። ገመድ አምጥቶ ቦታውን የከለለውም እሱ ነው። ቆንጅት በልቧ አመሰገነችው።

ከሰዓት በኋላ ቁፋሮው ተጀመረ። የቅርስ ቦታው ኃላፊ ወይንሸት አፈሩን በብሩሽ ጠረገች። ሥራው የለመደችው ነው፤ ሟቹ ግን የለመደችው አይደለም። አንድ ሙሉ ሰው ወጣ፤ ብረቱ ያለው ግራ ቅልጥሙ ላይ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰንጥቋል።

የቆንጅት አለቃ ኮማንደር ጀምበሬ መጡ። ሟቹን አዩ፤ ሰዓታቸውንም አዩ።

«የግጭቱ ጊዜ ሰው ይሆናል» አሉ። «ያኔ ስንቱ እንደወጣ ቀርቷል። መዝገቡን እንዝጋና አፈር እናልብሰው።»

«ማንነቱ ሳይታወቅ?»

«ማን ያውቀዋል ብለሽ ነው?»

ነዒማ የቆንጅትን ክንድ ሳብ አደረገች። «አስተኛኘቱን አየሽው? በቀኝ ጎኑ ነው። ፊቱም ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ነው። ቸኩሎ የጣለ ሰው እንዲህ አያስተኛም። ይሄን ሰው የቀበረው የሚያዝንለት ሰው ነው።»

ቆንጅት ጉድጓዱን አየች። የገደለ አለ። የቀበረ አለ። ሁለቱ አንድ ሰው ቢሆኑስ? ሐሳቡ አላስቀምጥ አላት።

ሰኞ ነዒማ የሥራ ባልደረቦቿን ስታጠያይቅ ዋለች። እግራቸው ላይ ብረት የገባላቸው የአገሩ ሰዎች ብዙ አይደሉም። ያሉት ደግሞ ከዘራቸውን ይዘው ገበያ ሲወጡ ይታያሉ። የማይታይ አንድ ብቻ ነው።

«አሚን ይባላል» አለቻት። «የጀውሃ ልጅ ነው። ባጃጅ ተገልብጦበት ደብረ ብርሃን ወስደው አስጠግነውታል።»

«አሁን የት ነው?»

«ዐረብ አገር ነው ይላሉ። ከሄደ ዓመታት ሆነው። ደውሎ ግን አያውቅም።»

የአሚን እናት እትዬ ሙሀባ ከጀውሃ ወጣ ብሎ፣ ከአውራ ጎዳናው ማዶ፣ የማሾ ማሳ ዳር ነው ቤታቸው። ቆንጅት ስትደርስ ደጃፋቸው ላይ ማሾ ያበጥሩ ነበር። ዩኒፎርሟን አዩ። ሰፌዱን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት።

«እትዬ ሙሀባ፣ አሚን እግሩ ተሰብሮ ነበር አሉ። የትኛው ነው?»

«ግራው» አሉ።  «ደጋ የወጣ ቀን ይቆረጥመው ነበር። ብረቱ ነው ይለኛል።» ዐይን ዐይኗን አዩዋት። «ልጄ፣ ብረቱን አገኛችሁት?»

ቆንጅት ለስንቱ መርዶ ነግራለች።  ያን ቀን ግን ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

አላለቀሱም። «የት?» አሉ።

«ቀይ ጉድባ።»

ሴትዮዋ ቀና ብለው ከማሳው ማዶ ያለውን ቀይ ሸንተረር አዩ። «ባሕር ማዶ ነው ስል» አሉ። «ከዚህ ሆኜ ብጣራ የሚሰማበት ነው'ኮ።»

ቆንጅት አጠገባቸው ተቀመጠች። ወዲያው ተነሣች።

«ሄደ ያለዎት ማን ነው?»

«ሙጂብ ነዋ፤ አላህ ይስጠውና። አብሮ አደጉ ነው። ከደላላው ከአብዱረሂም ጋር ጭነት መኪና ላይ ሲሳፈር አይቼዋለሁ አለኝ። እናቴን አደራ ብሎኛል አለኝ። አደራ አይበላም ሙጂብ። ክረምት ሲገባ ቤቴን ይከድናል። ለዒድ በግ ያመጣል።»

«ሚስት ነበረችው?»

«ናጅዋ። ጠበቀችው። ጠብቃ ጠብቃ ሽማግሌ ገብቶ፣ ቃዲው ፈቅዶላት ሌላ አገባች። አልፈርድባትም።»

ናጅዋን ያገባት ሙዐዊያ ጀውሃ አስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት አለው። የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያርፉበት ነው። ቆንጅት ስትገባ ብርጭቆ ያጥብ ነበር።

«ከአሚን በፊት ናጅዋን የጠየቅክ አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ።»

«ከለከሉህ።»

«ለሱ ሰጧት።»

«ሲጠፋ ደስ አለህ?»

እጁን ከውሃው አወጣ። «መዋሸት አልወድም። ደስ ብሎኛል። ደስ ማለት ወንጀል ነው?»

«ያኔ የት ነበርክ?»

«ጅቡቲ፣ ወደብ ላይ ሸክም እሠራ ነበር። አሚን በዚያ በኩል ሊሻገር ነው ሲሉኝ ፈለግኩት። ጠላቴም ቢሆን የአገሬ ልጅ ነው፤ በሰው አገር ይራብ? ከአብዱረሂም ጋር የመጡትን ሁሉ ጠየቅኩ። አሚንን ያየ አንድም ሰው አልነበረም።»

«ታዲያ ለናቱ ለምን አልነገርክም?»

ሙዐዊያ ወደ ጓዳው አየ። ናጅዋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። «የልጃቸውን ሚስት አግብቼ፣ ልጅዎ አልተሻገረም ብላቸው ምን ይሉኛል?» አለ። «እኔንስ ምን ትሉኝ ነበር?»

ጅቡቲ አብረውት የሠሩ ሰዎች ተጠየቁ። ቃሉ እውነት ሆነ።

የቀረው ደላላው ነው። አብዱረሂም ሲመጣ ስሙ ይቀድመዋል። በየሰፈሩ በሱ እጅ ሄዶ የቀረ ልጅ አለ። የተያዘ ዕለት ጣቢያው በር ላይ ሰው ተሰበሰበ፤ «ለኛ ስጡን» ይላል።

ኮማንደር ጀምበሬ ፊታቸው በራ። «አለቀ» አሉ። «መንገድ ላይ ተጣሉ፤ ገደለው፤ ሄደ ብሎ አስወራ። ጨርሺና ለዐቃቤ ሕግ እንላከው።»

ምርመራ ክፍሉ ውስጥ አብዱረሂም ተቀምጧል። ቆንጅት ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች።

«የት ገደልከው?»

«ወላሂ አልገደልኩትም።»

«ጭነት መኪና ላይ አሳፍረኸዋል።»

«ማን አየኝ?»

«ታይተሃል።»

«የዋሸ ነው። ብዙ ሰው ወስጃለሁ፤ አልክድም፤ በሱ ፍረዱብኝ። አሚንን ግን አልወሰድኩትም። ሊሄድ ተሰናድቶ ነበር። ልንነሣ ስንል መጣና ‹ቀርቻለሁ› አለኝ።»

«ለምን?»

«እኔም ለምን አልኩት። ‹ከዐረብ አገር የሚበልጥ አገኘሁ፣ እዚሁ ደጃችን ላይ› አለኝ። ይስቅ ነበር።»

ቆንጅት ቆመች። «ምን ነበር ያገኘው?»

«አልነገረኝም። ቸኩሎ ነበር። ለጓደኛዬ ላሳየው እየሄድኩ ነው ብሎ ሄደ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልክ?»

«ማን ያምነኛል? አሁንስ እርስዎ አመኑኝ?»

አላመነችውም። ደላላ የሚያድረው በምላሱ ነው። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግን እግሯ ወደ ቢሮዋ አልሄድ አለ። የሚዋሽ ሰው የሚጠቅመውን ውሸት ይመርጣል። ጅቡቲ አድርሼዋለሁ ቢል ይሻለው ነበር። ‹ከዐረብ አገር የሚበልጥ› የሚል ወሬ ምን ይጠቅመዋል? ማንንስ ያሳምናል?

የመኪናውን ቁልፍ አነሣች።

«ሊጠፋ ሰሞን የተለየ ነገር ነግሮዎት ነበር?» ብላ ጠየቀች እትዬ ሙሀባን። «አገኘሁ ያለው ነገር ነበር?»

 ሴትዮዋ ገብተው የልጃቸው ልብስ ያለበትን ሳጥን ከፈቱ። ከታች በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡና መዳፏ ላይ ፈቱላት። የመንጋጋ ጥርስ ነው። ይከብዳል። እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

«ይሄን አመጣልኝ። ‹ያዥልኝ፤ ባለቤቱን በኋላ አመጣልሻለሁ› ብሎ ሳቀብኝ። የሙት ጥርስ ቤቴ አታግባ ብዬ ተቆጣሁት። ሲጠፋ ግን… እጁ የነካው ነው፤ መጣል አልሆነልኝም።»

«ለማን አሳይተዋል?»

«ለማንም። አሮጊቷ አበደች እንዲሉኝ ነው?»

ቀይ ጉድባ ስትደርስ ወይንሸት ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። ጥርሱን ስታይ ወንበሯን ገፍታ ተነሣች።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

ዋናው መንጋጋ አዲስ አበባ ተቀምጧል፤ እዚህ ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው ነው። ወይንሸት ቅጂውን ከመስታወት ሣጥኑ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። በአንድ በኩል አንድ ጥርስ ከሥሩ ላይ ተሰብሮ ጎድሏል። ጥርሱን አስጠጋችው። ስብራት ከስብራት ገጠመ። 

«በላቦራቶሪ መረጋገጥ አለበት» አለች። «ግን እሱው ነው። ሙጂብ መንጋጋውን ሲያመጣልን ስብራቱ ገና ትኩስ ነበር። ጎርፍ ወስዶት ይሆናል ብለን ስንፈልገው ኖረናል።»

«ያመጣላችሁ መቼ ነው?»

ወይንሸት ነገረቻት። አሚን ሄደ ከተባለ ከወራት በኋላ ነው።

«እባቡስ?»

«የምን እባብ?»

«ግራሩ ጋ ያለው።»

«ኧረ እኔ እዚህ እባብ አይቼ አላውቅም። ጎብኚውን የሚያስፈራራው ሙጂብ ነው።» ወይንሸት ቀስ ብላ ቁጭ አለች። «ያ ጥግ መጀመሪያ ከአጥሩ ውጭ ነበር። ሌሎች አጥንቶች ሲገኙ አጥሩን አሰፋነው። እሱ ብቻ ነበር የተቃወመን። የከብት መዋያ ነው፣ ሰው ይከፋል አለ። ለሰው አሳቢ ነው ብዬ ወደድኩት።»

ቆንጅት በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከካራቆሬ የመጡ አስተማሪዎች ሙጂብን ከበውታል። ወጥታ ከኋላቸው ቆመች።

«የጠፋች ግመል ስፈልግ ነበር» ይላል ሙጂብ። «ደከመኝና ቁጭ አልኩ። ቀና ስል መንጋጋው ከገደሉ ላይ ያየኛል። እኔ አይደለሁም ያገኘሁት፤ እሱ ነው እኔን ያገኘኝ።»

አስተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ቆንጅት እስኪበተኑ ጠበቀች። መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብዳት የሚያውቅ ቢኖር ነዒማ ብቻ ናት። በሩ ላይ የጠራቻቸው ሁለት ፖሊሶች ደርሰዋል።

«ሙጂብ፣ እስኪ ወዲህ እንበል» አለች።

ወደ ግራሩ ሄዱ። ሙጂብ ከገመዱ ወዲህ ቆመ። አልፎ አልገባም።

«አንድ ነገር ከንክኖኛል» አለች። «እሑድ እዚህ ስትደርስ ምን አልክ?»

«እባብ አለ አልኩ።»

«ከሱ በኋላስ?»

ሙጂብ የገመዱን ቋጠሮ ነካካ።

«ኢና ሊላሂ አልክ፤ ሰው ሲሞት የሚባለውን። እኛ ገና ምንም አልነገርንህም። ከቆምክበት ሆኖ ብረቱ አይታይም። እዚህ ቦታ አጥንት ሲወጣ ሰው ይደሰታል፤ ፎቶ ያነሣል። አንተ ለምን እንደ ሟች ዘመድ ሆንክ?»

«የሰው አጥንት ነው። ለሰው ይባላል።»

«ለመንጋጋውስ ብለህ ታውቃለህ?»

 ቆንጅት መዳፏን ዘረጋች። ሙጂብ ጥርሱን አየ። ለረጅም ጊዜ አየው። 

«የት ነበረ?» አለ።

«እናቱ ቤት። ከልብሱ ጋር ሳጥን ውስጥ።»

«ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ ሻይ ጠጥቻለሁ» አለ ሙጂብ። ገመዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ቆንጅት ብዙ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ቃሉ እንደ ጎርፉ መጣ።

«ሁልጊዜ የሚያገኘው እሱ ነበር። ቁርኣን ቤት ቀድሞ የሚይዘው እሱ። የሰው ከብት ሲጠፋ የሚያገኘው እሱ። እኔ የአሚን ጓደኛ ነበርኩ፤ ሌላ ስም አልነበረኝም። መንጋጋውን ያገኘ ጊዜ ቀድሞ የጠራው እኔን ነው። እዚሁ ግራር ሥር አምጥቶ አሳየኝ። ‹ሊቃውንት ይመጣሉ፤ ስሜ ይጠራል› ይላል። ሁለታችን አገኘነው እንበል አልኩት።»

«እሱስ?»

«ሳቀ። ክፋት የለውም፤ ሳቅ ልማዱ ነው። ‹አንተ ደግሞ ምን አግኝተህ ታውቃለህ?› አለኝ። መንጋጋውን ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ድንጋይ እጄ ላይ ነበረ።» ሙጂብ እጁን አየው። «ይነሣል ብዬ ጠበቅኩ። ስሙን እየጠራሁ ጠበቅኩ። ከዚያ የማውቀውን ያህል አድርጌ ቀበርኩት።»

«እናቱስ?»

«ሄደ አልኳቸው። ከሞተ የሄደ ይሻላል ብዬ። የሄደ ይጠበቃላ። አጥሩን ሲያሰፉት ከሱ ጋር አንድ አጥር ውስጥ ገባሁ። በየቀኑ ስለ መንጋጋው ስናገር ጀርባዬን ለዚህ ግራር እሰጣለሁ። ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈር እደፋበታለሁ። የዘንድሮው ጎርፍ ቀደመኝ።»

«ጥለህ ልትሄድ ትችል ነበር። ዐረብ አገር ቅርብ ነው።»

ሙጂብ ቀና አለ። ጥያቄው የገረመው ይመስላል። «እሱን ለማን ጥዬ?»

ካቴናው ሲገባለት እጆቹን ራሱ ዘረጋ። የካራቆሬዎቹ አስተማሪዎች አውቶቡሳቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ቅድም ያነሣችውን ፎቶ ከስልኳ ላይ ለማጥፋት ትነካካለች።

አብዱረሂም ከግድያው ነጻ ሆነ። ስለ ሌሎቹ ልጆች ግን ገና ይጠየቃል፤ አልለቀቁትም። ኮማንደር ጀምበሬ «ጥሩ ሠርተሻል፤ በይ አሁን ዕረፊ» አሏት። ቆንጅት ግን የቀብሩ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጀውሃ ሄደች።

ጀናዛውን ወንዶቹ ተሸክመው ሄደው ነበር። ከተሸከሙት አንዱ ሙዐዊያ ነው። ሴቶቹ በእትዬ ሙሀባ ቤት ተሰብስበዋል። ናጅዋ ከሴትዮዋ እግር ሥር ተቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። እሳቸው እጃቸውን የልጅቷ ራስ ላይ አድርገው ግድግዳውን ያያሉ።

ቆንጅት አጠገባቸው ተቀመጠች።

«በጉን በልቻለሁ» አሉ እትዬ ሙሀባ። ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነው። «በየዒዱ ያመጣውን በልቻለሁ። ዱዓ አድርጌለታለሁ። ያ ረቢ፣ እንደ ልጅ የሆነኝን ዕድሜውን አርዝምልኝ ብያለሁ። አላህ ይሄን ዱዓ የት አደረገው ይሆን?»

 ቆንጅት እጃቸውን ያዘች። አልተነሣችም።

ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ናጅዋ ባሏ መጥቶ ወሰዳት። በመጨረሻ ቆንጅትም ተነሣች።

«ልጄ» አሉ እትዬ ሙሀባ። «ስትወጪ በሩን ሳቢልኝ። ከሄደ ጀምሮ ገርበብ አድርጌው ነው የማድረው። በሌሊት ቢመጣ፣ ሲያንኳኳ ባልሰማውስ ብዬ።»

ቆንጅት ወጥታ በሩን ሳበችው። እንጨቱ ከመክረሙ ብዛት አልገጥም አለ። በሁለት እጇ ይዛ አንሥታ ሳበችው፤ ገጠመ። ከወዲያ በኩል የሴትዮዋ እርምጃ ቀስ እያለ መጣ። መቀርቀሪያው ተፈለገ፤ ተገኘ። ሲገባ ተሰማት።